በትከሻዋ በኩል ያለው ሰውዬ

ጎርፉ ካለፈ በኋላ ሰፈሩ ፎቶውን አሰጣ። ሸሚዝና አንሶላ በሚሰጣበት ገመድ ላይ፣ በልብስ መቆንጠጫ የተያዙ ሙሽሮች፣ ጥርስ ያላበቀሉ ሕፃናት፣ ከሞቱ የቆዩ አያቶች፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዙ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ የጎረቤቱን ጓዳ በአደባባይ አየ።

«እንዴ! ይቺ ሴትዮ እንዲህ ቆንጆ ነበረች?»

«ኧረ ተዪኝ! ቆንጆስ ፎቶ አንሺው ነው።»

ውሃ ያበጠው፣ ጭቃ የለበሰው፣ እርስ በርሱ የተጣበቀው ሁሉ መጨረሻው አንዲት ሴት ቤት ነበር። ሰፈሩ እትዬ ሌንስ ይላታል። አንገቷ ላይ በጥቁር ክር የተንጠለጠለ አጉሊ መነጽር አይጠፋም። ሰውንም እንደ ፎቶ ነው የምታየው፤ መጀመሪያ ጠርዙን፣ ቀጥሎ ጀርባውን፣ ፊቱን በመጨረሻ።

የምትሠራው ድሮ የአጎቷ ፎቶ ቤት በነበረው ክፍል ነው። የፊቱን ለሞባይል ጠጋኝ አከራይታ እሷ ወደ ኋላ ገብታለች። አንድ መስኮት፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ስካነር፣ እያቃሰተ የሚሠራ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ጥጥ፣ ንጹሕ ውሃ የያዘ ሳህን፣ ጫፋቸው ከቅንድብ ፀጉር የማይወፍር ብሩሾች። ግድግዳው ላይ እጇ ያዳናቸው የሰፈሩ ትዝታዎች ተሰቅለዋል፤ ድልድዩ ገና ሳይፈርስ፣ ዛሬ መኪና ማቆሚያ የሆነው ገበያ ከነሻጩ ከነገዢው፣ የመጀመሪያው የውሃ ቧንቧ ሲከፈት ባልዲያቸውን ወደ ላይ ያነሡ ሴቶች። ቧንቧው ከደረቀ ቆየ፤ ሴቶቹ ግን ዛሬም ፊታቸው ላይ ውሃ እንደተረጨባቸው ይስቃሉ።

ጥርጣሬ የእትዬ ሌንስ እንጀራዋም ጠባይዋም ነው። ሽንኩርት አንድ በአንድ እያገላበጠች ነው የምትገዛው። እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁት» ካላት ከንፈሩን ታያለች። ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ጠዋት ተነሥቼ ‹ደህና አደርሽ ወይ› ስላት ‹ምነው? ምን ሰምተህ ነው?› ነው መልሷ!»

ይስቅ እንጂ ምክንያቱን ያውቃል። እናቷ የሞተችው እሷ ገና በጡት ሳለች ነው፤ የቀረላት አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ልጅነቷን ሙሉ ከዚያ ፎቶ ዓይኖች ጋር አወራች፤ ስታለቅስ አዩዋት፣ ስትስቅ አዩዋት፣ እንቅልፍ ሲወስዳት ከላይዋ ሆነው ጠበቁዋት። አድጋ አጎቷ ዘንድ ሙያውን መማር ስትጀምር አንድ ቀን ሌንሱን እናቷ ፊት ላይ አሳረፈችው። ዓይኖቹ የተሳሉ ነበሩ። እናቷ ፎቶ ስትነሣ ዓይኗን ጨፍና ኖሯል።

«የማን ዓይን ነው ይሄ?» አለችው አጎቷን።

«የአክስትሽን አየሁና ሠራሁት» አላት ብሩሹን እያጠበ። «የጎደለውን ከቅርብ ዘመድ መበደር ነው ሙያው። ጆሮ ቢጎድል ከልጁ፣ አፍንጫ ቢጎድል ከወንድሙ። ሥጋ ለሥጋ ይዋዋሳል። ሌላ ከየት ይመጣል?»

ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ዓይን አላመነችም። ብድሩን ግን አልተወችውም፤ እጇ የተማረው እሱን ነበርና።

ጎርፉ የተወው ጭቃ ሳይደርቅ ነርሷ መጣች፤ የጋሽ ሜትር ልጅ። ጋሽ ሜትር ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መለኪያ ሜትራቸው ዛሬም ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው ስሙ የወጣላቸው። ነርሷ ከቦርሳዋ በፎጣ የተጠቀለለ ፎቶ አወጣች። አንዲት ልጃገረድ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን አገጯ ሥር አድርጋለች። ነርሷ ራሷ በሃያ ዓመቷ የተነሣችው ይመስላል፤ ግን እናቷ ናቸው። በትከሻቸው በኩል፣ ባዶ መሆን ባለበት ቦታ፣ እንደ ጥላ የሆነ ሌላ ነገር አለ።

«ይቺን እድፍ አጥፊልኝ፣ እትዬ። ቶሎ ከሆነ ደግሞ...»

እትዬ ሌንስ ሌንሷን አነሣች። የባርኔጣ ጠርዝ። የመንጋጋ ግማሽ። አንድ ጆሮ። ከሥር የኮት ደረት ከነቁልፉ። ዓይን ሊኖር በሚገባበት ቦታ ተልጦ ነጭ ሆኗል።

«እድፍ ነው?»

«እድፍ ነው።»

«ጆሮ ያለው እድፍ አይቼ አላውቅም።»

ነርሷ ቀላች። «እትዬ፣ በናትሽ፣ አታጥኚው። አጥፊልኝ ብቻ።» ፎቶውን ትታ፣ ሻይ እንኳ ሳትቀበል ወጣች።

እንደዚያ መቸኮል! እትዬ ሌንስ ከመስኮቱ ሆና እስክትታጠፍ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻት። ሰው እድፍ ለማስጠፋት አይቀላም።

በማግስቱ ጋሽ ሜትር ራሳቸው መጡ። በሩን ከገቡ በኋላ ወደ ውጭ አየት አድርገው መልሰው ዘጉት።

«ልጄ እዚህ መጥታ ነበር፣ አይደል?»

«ማን ነገረዎት?»

«አንቺ ደግሞ! እኔ ነኝ የምጠይቀው።» ቁጭ አሉ። «አጥፊ ብላሻለች። እኔ ግን አታጥፊ ነው የምልሽ። አውጪልኝ። መልኩን ልየው።»

ነገሩን ሲያወጉ ድምፃቸው እየወረደ ሄደ። ጎርፉ ሣጥኑን ሲያርሰው ልብሱን ሁሉ ያወጣሉ፤ ከሥር፣ ከሣጥኑ ወለል ላይ ይሄ ፎቶ ይገኛል። ዕድሜ ልካቸውን አብረው ሲኖሩ አይተውት አያውቁም። «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ይሏቸዋል ሚስታቸውን። ሴትዮዋ አመድ ይመስላሉ። «ብቻዬን ነው የተነሣሁት» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የለም። እሳቸው ይጮሃሉ። ሴትዮዋ ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው ልጃቸው ቤት ይገባሉ፤ ፎቶውን ደግሞ ልጅቱ መጥታ ትወስደዋለች።

«አመድ ነው የመሰለችው፣ ልጄ። ምንም ከሌለ ለምን አመድ ትመስላለች?»

እትዬ ሌንስ ራሷም የምትጠይቀው እሱኑ ነበር።

«ደግሞ ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። ጣታቸው ወደ ጥላው ሄደ። «ኮቱን እይው። የወንድ ኮት ግራው ከቀኙ ላይ ነው የሚደረበው፤ ይሄ ቀኙ ከግራው ላይ ነው። የደረት ኪስ በግራ ነው፤ የዚህ በቀኝ። እንዲህ ገልብጦ የሚሰፋ በዚህ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ግራኙ! ከሱቄ ፊት ለፊት የነበረው። ሰው ዞር ብሎ እንዲያየው ለራሱ የሚለብሰውን ሁሉ ገልብጦ ይሰፋ ነበር፤ የማይረባ! እኔ መኪናዬን እየረገጥኩ ስዘፍንላት እሱ ከማዶ ሆኖ ያፏጭ ነበር።»

«ይዘፍኑላቸው ነበር እንዴ?»

ጋሽ ሜትር አፈሩ፤ ግን አፋቸው ቀደማቸው።

«እግሬ ይረግጣል፣ እጄም ይሰፋል፣
ልቤ ካንቺ ወዲያ ወዴት ያርፋል።»

ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰበረ። «አሁን ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ» አሉ። «አንድ ነገር ካወቅኩ ወይ ትመለሳለች፣ ወይ ደጄን አትረግጥም። ይሄ ግን፣ ይሄ መሐል ቤት... አውጪልኝ ልጄ።»

እትዬ ሌንስ አወጣችው። ጥርጣሬ ሲሰምርላት የሚመጣው ደስታ ይዟት ነበር። ፎቶውን ስካነር ላይ አስተኛችው፣ ጥላውን አጠቆረች፣ የባርኔጣውን ጠርዝ ቀጠለች፣ መንጋጋውን ዘጋች። ዓይኑ ላይ ስትደርስ ቆመች። ዓይን የለም። ከማን ትበደር?

ነርሷ ለምን ቸኮለች? ለምን ቀላች? እትዬ ሌንስ ነገሩን ከዚህ ከዚያ ገጣጠመችው፦ ልጅቱ ታውቃለች። አባቷ ሌላ እንደሆነ ታውቃለች። ታዲያ ከሷ የቀረበ ዘመድ ከየት ይመጣል? ነርሷ የመታወቂያ ፎቶዋን የተነሣችው እዚሁ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ዓይኖቿን ወሰደች። አጠበበቻቸው፣ የወንድ ቅንድብ ጫነችባቸው፣ ሰካቻቸው።

ሰውዬው አየ። እንደዚያ ሕያው ሆኖ የሚያይ ሥራ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ራሷ ደነገጠች።

ጋሽ ሜትር የታተመውን ሲቀበሉ ለመስማት የሚከብድ ድምፅ አወጡ። ግራኙን አልነበረም ያዩት።

«ዓይኑ...» አሉ። «ዓይኑ የልጄ ነው።»

እትዬ ሌንስ አፏን ከፈተች። እኔ ነኝ ያስገባሁት የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ግን ግማሽ ልቧ፣ ያ የለመደው ግማሽ፣ ‹ብትበደሪስ፣ ልክ ከሆነስ?› አላት። በዚያች ቅጽበት ሽማግሌው ተነሡ።

«የሰው ልጅ ነዋ ያሳደግኩት» አሉ ለግድግዳው። «ለነርስነት ያስተማርኳት... ከእንግዲህ ሁለቱም እኔ ጋ አይመጡም። ንገሪያቸው።» የታተመውን ከኮታቸው ውስጥ ደብቀው ወጡ። ሞባይል ጠጋኙ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» ሲላቸው ዞር ሳይሉ አለፉት።

ያን ቀን እትዬ ሌንስ ሌላ ፎቶ አልነካችም። የሠራችውን ዓይን ስክሪኑ ላይ ከፍታ አፍጥጣ ዋለች፤ እሱም አፈጠጠባት። ባሏ ምሳ ሊበላ መጥቶ ከጀርባዋ ቆመ።

«ይቺ ነርሷ አይደለችም? ኮት ምን አስለበሳት?»

«ነርሷ አይደለችም።»

«እንዴ! ዓይኗ አይደለም? ምነው፣ እኔን እንኳ አታምኚኝም?»

ይሄኔ ነው የገባት። ጋሽ ሜትር ያዩት ማስረጃ አይደለም፤ የእሷን ሐሜት ነው፣ በቀለም የታተመ።

በማግስቱ ጠዋት ሳትጠራቸው የጋሽ ሜትር ሚስት መጡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሻርፓቸውን አጥብቀው የተከናነቡ። አልተቀመጡም።

«ፎቶዬን።»

«ይቀመጡ እማማ።»

«ቆሜ ነው የምወስደው። ባሌ ትላንት ልጄን ደጅ ላይ መለሳት። ‹አባትሽ ዘንድ ሂጂ› አላት። ሰምተሻል? ያቺ ልጅ እኮ እንዳንጣላ ብላ ነው ‹አጥፊ› ያለችሽ። አንቺ ምን አድርገሽ ነው የሰጠሽው?»

እትዬ ሌንስ ምንም አልደበቀችም። ዓይኖቹን ከማን እንደወሰደች፣ ለምን እንደወሰደች ተናገረች። ሴትዮዋ ሰሙ፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ተጠራጥረሽኝ ነው እንግዲህ።»

«አዎ።»

«አታውቂኝም እኮ።»

«አላውቅዎትም።»

«እሱ የሚያውቀኝ ይሻላል ልል ነበር...» አሉና አልጨረሱትም።

እትዬ ሌንስ ፎቶውን ልትመልስ ከፖስታው አወጣችው። መስኮቱ በኩል ሲያልፍ የጠዋቱ ብርሃን ከጎን መታው፤ እጇም ባለበት ቀረ። ከጎን ሲታይ ሰውዬው ከፎቶው ወለል ከፍ ብሏል፤ እንደ ደረቀ ስስ ቆዳ። የልጃገረዷ ትከሻ ከሥሩ ያልፋል። ከኋላዋ አልቆመም፤ ከላይዋ ነው የተለጠፈው። ሌንሷን አንሥታ አየች። አጎቷ ይሄን አሳይቷት ያውቅ ነበር፤ ርሰው ፊት ለፊት የተጣበቁ ፎቶዎች በጉልበት ሲላቀቁ የአንዱ መልክ ተልጦ ሌላው ላይ ይቀራል። ተገልብጦ። ይሄን ሁሉ ቀን ዓይኑን ስትሻ ከጎን አላየችውም።

«እማማ፣ ይሄ ፎቶ ከምን ጋር ተጣብቆ ነበር?»

ሴትዮዋ አመድ መሰሉ። እትዬ ሌንስ አየቻቸው፤ ባላቸው ያዩት ይሄን ነበር።

«ማን ነገረሽ?»

«ፎቶው ነው።»

ከፊተኛው ክፍል የሞባይል ጥሪዎች ይሞከራሉ፣ ይቋረጣሉ።

«ሳንጋባ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዶ ነበር» አሉ ሴትዮዋ በመጨረሻ። «ሲሄድ ፎቶውን ሰጠኝ። በሕይወቱ የተነሣው አንድ ፎቶ፤ የመጀመሪያ ኮቱን ራሱ ሰፍቶ፣ ለብሶት። እኔ ደግሞ የኔን አወጣሁና ፊት ለፊት አድርጌ ትራሴ ውስጥ ከተትኳቸው። እኛ ባንተያይ እነሱ ይተያዩ ብዬ። ልጅ ነበርኩ።» ሻርፓቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። «ጣሪያው አፈሰሰ። ትራሱ ራሰና ደረቀ። ባላቅቃቸው፣ እሱ ተቆራርጦ እጄ ላይ ቀረ። ቀበርኩት፤ የምሬን ነው፣ ጉድጓድ ቆፍሬ። ሲመለስ ‹ጠፋብኝ› አልኩት። አኮረፈኝ። ‹መልኬ ከብዶሽ ነው የሚመስለኝ› አለኝ። የኔን ደግሞ፣ ጠባሳው ነገሩን ያወጣብኛል ብዬ ከሣጥን ሥር ከተትኩት። አሁን ‹ይሄን ፎቶ ከየት አመጣሽው› ሲለኝ ያቺ ነገር ወጣች ብዬ ነው የደነገጥኩት። ‹ሰውዬው ማነው› ሲለኝ ግን... ንዴቱ ዓይኔን ጋረደኝ። ዞሬም አላየሁት።»

እትዬ ሌንስ ኮምፒውተሩን ከፈተች። መጀመሪያ የሰካቻቸውን ዓይኖች አወጣች። የቀጠለችውን ባርኔጣ፣ የዘጋችውን መንጋጋ፣ ሁሉንም አነሣች። ከዚያ ምስሉን ግራ ቀኝ ገለበጠችው። ኪሱ ወደ ግራ ሄደ። ግራው ደረት ከቀኙ ላይ ተደረበ። ዓይን የሌለው ልጅ በኮቱ ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

ሴትዮዋ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። እጃቸው የልጁን ኮሌታ ነካ፤ የቀዘቀዘ መስታወት ነካ።

«አገኘኸኝ?» አሉት፣ ለስክሪኑ።

አብረው ሄዱ። ጋሽ ሜትር በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ፤ በክፍተቱ የታየው ዓይን ቀይ ነበር። ሚስታቸውን ሲያዩ ሊዘጉ ሆነ። እትዬ ሌንስ እግሯን አስገባች።

«ጋሼ፣ ዓይኑ የኔ ሥራ ነው። ከልጅዎ ፎቶ ወስጄ ነው የሰካሁበት። ከመሬት ተነሥቼ ጠርጥሬ። በደለኛዋ እኔ ነኝ።»

«አሁን ደግሞ እሷ አስጠናችሽ?»

«አላስጠኑኝም።»

«ተነጋግራችሁ ነው የመጣችሁት! አየሁ እኮ፣ ከማዶ ጀምሮ ስትንሾካሾኩ!»

እትዬ ሌንስ ክርክሩን ተወችው። ሌላ ሰው ቢሆን እሷም አታምንም ነበር። የተገለበጠውን ህትመት በበሩ ክፍተት አቀበለቻቸው።

ፊቱን አላዩም። እንደ ልማዳቸው ኮቱን አዩ። ጣታቸው ቁልፉን ቆጥሮ ወረደ፣ በደረት ኪሱ ላይ አለፈ፣ ወደ ኮሌታው ወጣ። ኮሌታው ላይ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። አንደኛው ወገን ከሌላው በጥቂቱ ይሰፋ ነበር፤ ማንም የማያስተውለው፣ የቆረጠው እጅ ብቻ የሚያውቀው ስሕተት።

«ይሄን... ይሄን ሳበላሸው ማንም አላየኝም» አሉ። «ጨርቅ አልነበረኝም። በብረት ተኩሼ ደበቅኩት።»

በሩ ራሱ ተከፈተ፤ ይዘውት የነበረው እጃቸው ለቆት።

«እኔ ነኝ?»

«ነህ» አሉ ሚስታቸው። «በራስህ ነው የቀናኸው። የፈረደብህ!»

ሴትዮዋ ፎቶው እንዴት እንደጠፋ ነገሯቸው፤ ትራሱን፣ ጣሪያውን፣ ጉድጓዱን። ጋሽ ሜትር ሲሰሙ ሜትራቸውን በጣታቸው ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ነበር። ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ያምርብኝ ነበር እኮ» አሉ በተሰበረ ድምፅ። ከዚያ ኮታቸውን ፈለጉ፤ ልጃቸው ቤት ሊሄዱ፣ እግሯ ላይ ሊወድቁ። እጅጌው አልገባ አላቸው፤ ልብስ ሰፊው! እትዬ ሌንስ ያዘችላቸው።

«ዓይኑን ታደርጊለታለሽ?» አሏት በዚያው። «እኔ አለሁልሽ። ከራሴ ውሰጂ። ከዚህ የቀረበ ዘመድ የለውም።»

እትዬ ሌንስ ልታንገራግር ነበር። ሴትዮዋ ቀደሟት።

«አታድርጊ።» በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ሻርፓቸውን አልፈቱም፣ ደፉንም ገና አልተሻገሩም። «ያ ልጅ እንዲህ አያየኝም ነበር። ባዶውን ይሁን። እሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ስለ ኩርፊያው ይቅር ብዬዋለሁ፣ እሱም ስለ ፎቶው ይቅር ይበለኝ።» ወደ ባላቸው ዞሩ። «አንተ ግን ገና ነህ። መጀመሪያ ልጄ ቤት። ና፣ ቅደም።»

ጋሽ ሜትር ቀደሙ። ሴትዮዋ ትንሽ ርቀት ትተው ተከተሏቸው።